ቤት ብቻውን ቤት አይመታም

በአማርኛ «ቤት» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ሰው ጎኑን የሚያሳርፍበት መጠለያ ነው፤ ሁለተኛው ስንኝ የሚያርፍበት የመጨረሻ ድምፅ ነው። ሁለት ስንኞች መድረሻቸው ሲስማማ «ቤት መቱ» ይባላል። አንድ ስንኝ ለብቻው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ቤት ሊመታ አይቻለውም፤ ቤት የሚመታው ከጎረቤቱ ጋር ነውና። ቋንቋውን ያበጀው ሕዝብ መጠለያውንና የግጥሙን መድረሻ በአንድ ቃል የጠራው አስቦበት ይሁን ሳያስብበት፣ የአዲስ አበባን ሠርቶ አደር ቤተ ሰብ አኗኗር በቅርብ የተመለከተ ሰው የቃሉን ብልህነት ሳይገነዘብ አያልፍም።

በልደታ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚታጠፍ ጠባብ መንገድ፣ አሥራ አንድ ቤተ ሰብ በአንድ አጥር ውስጥ የሚኖርበት ግቢ ነበር። ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ግቢ ቀድሞ የሚከፈተው በር የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ በር ነው። ባልዋ በጅቡቲ መንገድ በከባድ መኪና ረዳትነት ስለሚሠራ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሁለት ሌሊት ቢያድር ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። እርሷ ጠዋት የአንድ መሥሪያ ቤት ደረጃና ወለል ትወለውላለች፤ ከሰዓት በኋላ በአካባቢው በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ከጎረቤቷ መስኮት ሥር ቆም ትላለች።

«እትዬ፣ ሄድኩ እንግዲህ። ልጆቹን አደራ።»

«ሂጂ ልጄ፣ በሰላም ያግባሽ። ትንሹን ከፀሐይ ጋር አስነሣዋለሁ።»

እትዬ የምትላቸው ሴት ጥጥ እየፈተሉ የሚተዳደሩ ባልቴት ናቸው። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ሲያሾሩ የሚውሉት ብቻቸውን አይደለም፤ እናቶቻቸው ለሥራ የወጡ ሰባት ሕፃናት በዙሪያቸው ይርመሰመሳሉ። የሚያለቅሰውን ያባብላሉ፣ የሚጣላውን ይገላግላሉ፣ የራበውን ከእናቱ ሞሰብ አንሥተው ያጎርሳሉ። ለዚህ አገልግሎታቸው የተቆረጠ ደመወዝ የላቸውም። የወር መጨረሻ ሲደርስ አንዷ ግማሽ ኪሎ ቡና፣ ሌላዋ ስኳር፣ ሌላዋ ከገበያ የተሸከመችውን ከሰል ታካፍላቸዋለች። ለበዓል ቤታቸውን ጭቃ የሚመርጉላቸውም የእነዚሁ ሕፃናት እናቶች ናቸው።

ይሁንና ግቢው ገነት አልነበረም። የቤቶቹ ጣራ ዕድሜ የጠገበ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲገባ የአልጋው ቦታ እንደ ጠብታው አቅጣጫ ይዛወራል። ግድግዳው ጭቃ ስለ ሆነ ከሥር ከሥሩ ይረግፋል። መጸዳጃ ቤቱ ለአሥራ አንዱም ቤተ ሰብ አንድ ብቻ ነው፤ በሩም በገመድ የሚታሰር ነው። በአንዲት ክፍል ውስጥ ከታች ወላጆች፣ ከላይ ከእንጨት በተሠራ ቆጥ ላይ ልጆች ይተኛሉ። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ ልብሷን የምትለውጥበት ጥግ ማግኘት የቤተ ሰቡ ሁሉ ጭንቀት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ኑሮ ከሩቅ ሆኖ በትዝታ ማስዋብ ለማንም ቀላል ነው፤ በጨለማ ባልዲ ይዞ ለመጸዳጃ ተራ የጠበቀ ሰው ግን አያስውበውም።

የዚህ ግቢ ታሪክ የብዙዎቹ የአዲስ አበባ ግቢዎች ታሪክ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የከተማው ቦታ አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለ ነበረ ከገጠር ለሥራ የፈለሰውና በከተማው የተወለደው ድኻ ሁሉ ተከራይ ሆኖ ይኖር ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌዎች፣ እንዲተዳደሩ ሲደረግ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጡ። በዝቅተኛ ቤት ይኖር ለነበረው ተከራይ ኪራዩ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰለት። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ በከተማው ሕዝብ አፍ ገባ፤ የቀበሌው አስተዳደር በወረዳ ከተተካ በኋላም ስሙ እስካሁን ከቤቶቹ ጋር አለ።

አዋጁ ለሠርቶ አደሩ ያስገኘለት ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ነገ አከራይ ያስወጣኛል ብሎ ከመሥጋት ዳነ፤ ኪራዩም በወር ከጥቂት ብር ያልዘለለ ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት በዚያው ጸና። ነገር ግን ጥቅሙ ራሱ ጉዳት ወለደ። ከእንዲህ ያለ ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልተገኘም፤ ነዋሪው ደግሞ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ መለወጥ አልተቻለውም። ስለዚህ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያረጀ፣ ነዋሪው ከዓመት ዓመት እየበዛ ሄደ። ልጅ ጎጆ ሲወጣ ሌላ ቤት ስላላገኘ ከወላጆቹ ግድግዳ ጎን ጭቃ ለጥፎ ጎጆውን እዚያው ቀለሰ።

ቤቶቹ እንዲህ እያረጁ ሕዝቡን ምን አኖረው ቢባል መልሱ የሚገኘው ከግድግዳው ውጭ ነው። በግቢው ውስጥ አንዲት ሠራተኛ እናት ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ክፍያ የምታገኘው አገልግሎት ቢቆጠር ዝርዝሩ ረጅም ነው። ሕፃን ጠባቂ አላት። አንዷ ጎረቤት ምጣድ ስታሰማ ሌላዋ በዚያው እሳት ትጋግራለች፤ ማገዶው ለሁለት ይከፈላል። የመንገድ ዳር ባለሱቅ ዘይትና ሳሙና በደብተር ጽፎ እስከ ደመወዝ ይታገሣል። እቁቡ የትምህርት ቤት መክፈቻ ወር ላይ ለደብተርና ለጫማ ይደርሳል። በቤቱ ኀዘን ሲገባ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ንፍሮውን የሚቀቅለው፣ አስከሬኑን የሚሸኘው እድሩ ነው። ልብስ የምታጥብባቸው ቤቶች በእግር ከሩብ ሰዓት አይርቁም፤ የመጓጓዣ ወጪ የላትም። ይህ ሁሉ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ምሳሌ ለእርሷ የእለት ተእለት በጀቷ ነበር።

ይህን ሐቅ ቀድመው ከተገነዘቡት አንዷ በሙያቸው ነርስ የሆኑት ሲስተር ጀምበር ተፈራ ነበሩ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በተክለ ሃይማኖት አካባቢ በቀበሌ 41፣ ሬድ ባርና የተባለው የኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅት በሚያካሂደው የመንደር ማሻሻል ተግባር ውስጥ ሠሩ። በ1980ዎቹም በዚያው አካባቢ ባሉ ሌሎች ቀበሌዎች ሦስት እግር ያለው ሥራ መሩ፤ አንዱ እግር የቤትና የአካባቢ ጥገና፣ ሁለተኛው ጤና፣ ሦስተኛው የነዋሪውን ኑሮና ማኅበራዊ አቅም ማጎልበት ነበር። ሰውን ከሠፈሩ ሳያነሡ ቤቱን ባለበት ማደስ፣ የጋራ መጸዳጃና የጋራ ማድ ቤት መሥራት፣ የውኃ ቧንቧ ማቅረብ፣ ጭቃ የሚውጠውን መንገድ ድንጋይ ማንጠፍ የሥራው ክፍሎች ነበሩ። ከነዋሪው መካከል ሠልጥነው በየቤቱ እየዞሩ ስለ ጤና የሚያስተምሩትም የዚያው መንደር ሰዎች ነበሩ። ሦስቱን እግሮች አንድ ላይ መትከላቸው የሥራው ቁም ነገር ነው፤ ጣራው ታድሶ እናቲቱ ከታመመች፣ ወይም እናቲቱ ድና መተዳደሪያ ካጣች፣ ቤቱ መልሶ እንደሚያዘም ያውቁ ነበርና።

በመንደር ማሻሻል ብቻ የከተማው የቤት ችግር እንደማይፈታ ግን ግልጽ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ጂ.ቲ.ዜድ. ይባል በነበረው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ በቦሌ ገርጂ የተሞከረው ርካሽ የግንባታ ዘዴ ለጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በር ከፈተ። ሕንፃዎቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ሆነው አሳንሰር አልተገጠመላቸውም፤ ይህም ዋጋቸው እንዲቀንስ ነው። ብሎኬት የሚያመርቱት፣ ብረት የሚያጥፉት፣ በርና መስኮት የሚሠሩት በአነስተኛና ጥቃቅን ማኅበራት የተደራጁ ወጣቶች ስለ ነበሩ ግንባታው ራሱ እንጀራ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ወደ 450 ሺህ የሚጠጋ ሰው ስሙን አሰፈረ፤ በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ዳግም ምዝገባ ቁጥሩ ከ900 ሺህ በላይ ሆነ። ቤት ፈላጊው እንደ አቅሙ 10፣ 20 ወይም 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር እንዲከፍል ተደረገ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። ከፈረሰ ሠፈር የሚነሣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ቅድመ ክፍያውን ከቻለ ዕጣ ሳይጠብቅ የጋራ መኖሪያ ቤት እንዲያገኝ፣ ካልቻለ በሌላ ሠፈር ምትክ የቀበሌ ቤት እንዲሰጠው ሆነ።

የልደታው ግቢ እንዲፈርስ ሲወሰን አሥራ አንዱ ቤተ ሰብ በዚህ ምርጫ ፊት ቆመ። ሰባቱ ምትክ የቀበሌ ቤት መረጡ፤ ምርጫቸው ግን ወደ አንድ ቦታ አላገናኛቸውም፤ ቤት በተገኘበት በየአቅጣጫው ተበተኑ። እትዬም ሁለት አውቶቡስ ለውጦ በሚደረስበት ሠፈር አንዲት ክፍል ደረሰቻቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ለልጆቼ የራሴ የምለው ቤት ይኑረኝ ብላ ቆረጠች። የእቁቧን ጫፍ ለመነች፤ የአንገቷን ወርቅ ሸጠች፤ ባልዋም ከሾፌሩ ተበደረ። ቅድመ ክፍያው ሞላ። በከተማው ጠርዝ ላይ በተሠራ የጋራ መኖሪያ መንደር በአራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ቁልፍ በእጇ ገባ።

የመጀመሪያው ሳምንት የደስታ ሳምንት ነበር። ደስታውም የሚናቅ አልነበረም። ሴት ልጅዋ መታጠቢያ ቤት ገብታ ከውስጥ ስትቆልፍ የቁልፉን ድምፅ ለመስማት ብቻ ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። ዝናብ ሲጥል አልጋ ከቦታው አልተነሣም። ባልየው ከመንገድ ሲመለስ ከመሥኮቱ ቆሞ «እንግዲህ ቢያስወጡንም በሕግ ነው» ብሎ ሳቀ። በጭቃ ቤት ኖሮ የማያውቅ ሰው እነዚህን ነገሮች እንደ ተራ ነገር ሊቆጥራቸው ይችል ይሆናል። ለዚህ ቤተ ሰብ ግን የዕድሜ ልክ ምኞት ነበሩ።

በሁለተኛው ሳምንት የኑሮው ሒሳብ መጣ። መሥሪያ ቤቷ በሰዓቱ ለመድረስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት ግድ ሆነባት። ለመሄጃና ለመመለሻ የምትከፍለው ገንዘብ በልብስ አጠባ ታገኘው ከነበረው ብዙውን ወሰደ፤ ኋላም ከሰዓት በኋላ ያለውን ሥራ ከርቀቱ የተነሣ ጭራሽ ተወችው። በደብተር የሚያበድር ባለሱቅ የለም፤ ማንም ማንንም አያውቅምና። በየወሩ ለባንክ የሚከፈለው ግን ይጠብቃል። ከሁሉም የከፋው የትንሹ ልጅ ነገር ነው። እኅቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሚይዘው ሰው ስለ ጠፋ እናቱ ውኃና ዳቦ አስቀምጣለት፣ የሚያቃጥልና የሚቆርጥ ነገር ሁሉ ከፍ አድርጋ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋበት መሄድ ጀመረች። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትወለውል ትውላለች። የአራት ዓመት ልጅ ከኮንክሪት ቤት ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻውን።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሕንፃው ሥር ሰዎች ተሰብስበው ወደ ላይ ያያሉ። ሕፃኑ ወንበር ስቦ ወደ በረንዳው ወጥቶ የብረቱን አጥር በሁለት እጁ ጨብጦ ያለቅሳል። ከሦስተኛው ፎቅ አንዲት ሴት ከበረንዳዋ አንገቷን አውጥታ «አይዞህ፣ እዚያው ቁም፣ እማዬ መጣች» እያለች ታባብለዋለች። እናት ደረጃውን እንዴት እንደ ወጣችው አታውቅም። ልጁን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጨለማ እስኪሆን መብራት አላበራችም።

በማግሥቱ እሑድ ስለ ነበረ ሁለቱን ልጆች ይዛ እትዬን ለማየት ሄደች። ባልቴቷን ያገኘቻቸው እንዝርታቸውን አስቀምጠው ነው። በአዲሱ ሠፈራቸው ሕፃን የሚያመጣላቸው የለም፤ ማንነታቸውን የሚያውቅ የለምና። ቡና ተፈላ። እናት የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ቤቱን አከራይታ በልደታ አቅራቢያ አንዲት ክፍል ለመከራየት ማሰቧንም አልደበቀችም። ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ቤተ ሰቦች እንዲሁ አድርገዋል፤ የባንኩን ዕዳ በኪራዩ ይከፍላሉ፣ ራሳቸው ከሥራቸው አጠገብ ባለ ጭቃ ቤት ይኖራሉ። ለድኻ የተሠራው ቤት በዚህ መንገድ ከድኻው እጅ ሳይወጣ ከኑሮው ይወጣል።

እትዬ ስኒውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ» አሉ በኋላ፣ «ያቺ ከታች ያባበለችውን ሴት አመሰገንሻት?»

አላመሰገነቻትም ነበር።

«እንግዲያው ቤቱን ከመልቀቅሽ በፊት ሂጂና አመስግኛት።»

ከአሮጊቷ ምክር ተነሥቶ ወደ ሰፊው ጥያቄ መሄድ ይገባል። ለሠርቶ አደር እናት የተደነገጉ መልካም ነገሮች አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን ወደ 120 ቀን ከፍ አድርጎታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎች ይመገባሉ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሴት ልጅም ቁርስና ምሳዋን በዚያ ስለምታገኝ እናት ስለ እርሷ ያላት ሥጋት በግማሽ ቀሏል። ነገር ግን በኮንትራት ወለል የምትወለውል፣ በቀን ሒሳብ ልብስ የምታጥብ፣ በመንገድ ዳር ቆሎና ሽንኩርት የምትቸረችር እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ የምትሄድበት ማቆያ በመሥሪያ ቤት በኩል ሊደርሳት አይችልም። የሚደርሳት በመኖሪያዋ በኩል ነው። ስለዚህ የሕፃናት ማቆያ ጥያቄ ከቤት ጥያቄ ሊነጠል አይችልም።

ይህንን ዛሬ የተገኘ አዲስ አሳብ አድርጎ የሚያይ ካለ የቪየናን ታሪክ ይመልከት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኦስትሪያ ዋና ከተማ ሠራተኛ በጠባብና ጨለማ ክፍሎች ተፋፍጎ ይኖር ነበር። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1923 የቤት ግብር ጣለ፤ ግብሩ ባለጸጋውን ከፍ አድርጎ ድኻውን ዝቅ አድርጎ የሚያስከፍል ነበር። በተገኘውም ገንዘብ እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶች ሠራ። ከእነዚህ በስፋቱ ስሙ የገነነውና ካርል ኤን የነደፈው ካርል ማርክስ ሆፍ በ1930 ሲመረቅ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝምና 1,382 መኖሪያ ቤቶችን የያዘ ነበር። ግን ቤቶቹን ብቻ አልያዘም። የጋራ ልብስ ማጠቢያዎች፣ መታጠቢያ ቤቶች፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የጥርስ ሕክምና ክፍል፣ የእናቶች ምክር መስጫና ቤተ መጻሕፍት ከመኖሪያዎቹ ጋር በአንድ ንድፍ ወጡ። ነዳፊዎቹ እናቲቱ በጠዋት ተነሥታ የት እንደምትሄድ፣ ልጅዋን ለማን እንደምትሰጥ፣ የቆሸሸውን ልብስ የት እንደምታጥብ መሠረቱ ሳይቆፈር ጠየቁ።

በአዲስ አበባም ይህ ጥያቄ ፈጽሞ ሳይነሣ የቀረ አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሲነደፉ በየብሎኩ መካከል የጋራ መገልገያ ቤት እንዲሠራ ተደርጓል። የተሠራውም ነዋሪው እንጀራ እንዲጋግርበት፣ ልብስ እንዲያጥብበት፣ ለበዓል በግ እንዲያርድበት፣ ሠርጉንና ኀዘኑን እንዲወጣበት ነው። ነዳፊው የልደታውን ግቢ አስታውሷል ማለት ነው። ሕጉም ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው የጋራ ንብረታቸውን እንዲያስተዳድሩ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መንገድ ከፍቷል። የቀረው ነገር ቤቱን የሚከፍተው፣ የሚያደራጀውና የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነበር። በዚህች እናት መንደር የጋራ መገልገያው ቤት ቁልፍ ተንጠልጥሎበት፣ ውስጡ ከግንባታ የተረፈ ጣውላና አሸዋ ተከምሮበት ይገኝ ነበር።

እሑድ ማታ ከእትዬ ስትመለስ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የሦስተኛውን ፎቅ በር አንኳኳች። የከፈተችላት ሴት ስፌት ሠፊ ናት፤ እርሷም ሁለት ሕፃናት አሏት፤ እርሷም ከሌላ ከፈረሰ ሠፈር የመጣች ናት። ሁለቱ ሴቶች ያን ማታ እስከ 4 ሰዓት ተጨዋወቱ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚያውቋቸውን ሁለት ሁለት እናቶች ጨመሩ። በወሩ መጨረሻ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ዘጠኝ ሴቶች አንድ ጥያቄ ይዘው ቆሙ፤ የተዘጋው ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሕፃናት መዋያ ይሰጠን የሚል ነው።

ስብሰባው በቀላሉ አልተስማማም። አንዱ ቤቱን ለሱቅ አከራይተን ለጥበቃና ለመብራት ክፍያ እናውለው አለ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የማኅበሩ ሣጥን ባዶ ነበርና። ሌላው ልጅ ቢወድቅ፣ ቢታመም ማን ይጠየቃል አለ። ይህም እውነተኛ ሥጋት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ተነሥታ ግን ያንገቷን ቁልፍ አውጥታ አሳየች። «እኔ ልጄን በዚህ እየቆለፍኩ ነው የምወጣው» አለች። «ስንቶቻችን እንደምንቆልፍ እጃችንን እናውጣ።» ከተሰበሰበው አሥራ አራት እጅ ወጣ። ከእጆቹ መካከል የወንዶችም ነበሩ።

ማኅበሩ ቤቱን ለስድስት ወር ለሙከራ ፈቀደ። ጣውላውና አሸዋው በአንድ ቅዳሜ ተጠረገ። የምትጠብቀው ሴት ግን ከመንደሩ መገኘት ነበረባት፤ ደመወዟም ከእናቶቹ መዋጮ ስለሚከፈል ከባድ ሆነ። እትዬ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ ያግዙ ጀመር፤ በአንዱ አውቶቡስ መዘግየት ምክንያት ሲቀሩ ሕፃናቱ «አያ ዛሬ አልመጡም» እያሉ በር ላይ ይቆማሉ። ለመጓጓዣቸው እናቶቹ ያዋጣሉ። የወረዳው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በወር አንድ ጊዜ እየመጣች ክብደታቸውን ትመዝናለች። ይህ ማለት ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም። መዋጮው የሚያቅታት እናት አለች፤ ሥልጠና ያላት ጠባቂ የለችም፤ ስድስቱ ወር ሲያልቅ ቤቱ ለሱቅ እንዲከራይ የሚሟገተው ሰው አሁንም አለ። እናት ግን ቤቱን አላከራየችም። ከሰዓት በኋላ የስፌት ሠፊዋን ቁልፍና ጠርዝ እየሠራች ከልብስ አጠባው ያጣችውን በጥቂቱ ትመልሳለች፤ በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ቁልፍም ከበሩ ጀርባ በምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለብዙዎች ነው። ቤት የሚያስገነባ የሥራ ኃላፊ ስንት ቤት ሠራሁ ብሎ ሲቆጥር፣ በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ስንት ሕፃን ተቆልፎበት እንደሚውል አብሮ ይቁጠር። ከአንድ ግቢ የሚነሡ ቤተ ሰቦች ከተቻለ በአንድ ብሎክ ይስፈሩ፤ ጎረቤትን አፍርሶ ጎረቤት በብሎኬት መሥራት አይቻልምና። የጋራው ቤት ቁልፍ ከመኖሪያው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀን ይሰጥ፤ ለጠባቂዋም ሥልጠናና ደመወዝ ከመዋጮ ውጭ በጀት ይያዝላት። መምህር ጠዋት ጠዋት ዘግይታ የምትደርሰውን ተማሪ ከመቅጣቱ በፊት ታናሽ ወንድሟን ለማን አስረክባ እንደ መጣች ይጠይቃት። የመድረክ ሰው ደግሞ የድኻን ቤት ሲያሳይ አንድ ግድግዳና አንድ አልጋ አቁሞ መጋረጃ መግለጥ ለምዷል፤ በዚያ ግድግዳ ላይ የጎረቤት መስኮት ይክፈትበት፤ ከመስኮቱም ሥር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቆም የምትለውን ሴት ያሳይ።

አሁን ሰኞ ጠዋት በዚያ መንደር ደረጃውን የምትወርደው የጽዳት ሠራተኛ በሦስተኛው ፎቅ በር ላይ በሁለት ጣቷ ታንኳኳለች።

«ሄድኩ እንግዲህ እኅቴ፤ ልጁን አደራ።»

«ሂጂ፤ ከልጆቼ ጋር አወርደዋለሁ።»

የመጀመሪያው ስንኝ ሁለተኛውን አገኘ።